የሁለት ቀስት የመጨረሻ ረቡዕ

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 14 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በአሥራ ሁለተኛ «ለ» ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ የኬሚስትሪ ቀመር ሳያልቅ ቀረ። በግራ በኩል የቡናማው ጋዝ ምልክት ተጽፏል፤ በቀኝ በኩል ቀለም የሌለው ጋዝ ምልክት። በመካከላቸው ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ አንድ ቀስት አለ። ከሥሩ ከቀኝ ወደ ግራ የሚመለስ ሌላ ቀስት መኖር ነበረበት፤ አልተሣለም። መምህርቷ ጠመኔውን አስቀምጣ፣ «እሱን ነገ በዓይናችሁ አይታችሁ ራሳችሁ ትሥሉታላችሁ» አለች፤ ደወሉም ተደወለ። በነጋታው አልመጣችም። ሰኞ ተተኪው መምህር ገብቶ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ጠረገና ሌላ ምዕራፍ ጀመረ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው የሞተችው፤ በአርባ ሰባት ዓመቷ። ስለ አሟሟቷ ብዙ ተወርቷል። በጋዝ ሞተች የተባለው እውነት ነው። ብልቃጥ እጇ ላይ ፈነዳ የተባለው ግን ውሸት ነው፤ የፈነዳ ነገር የለም። ኑሮ መሯት ሆን ብላ ነው ያሉም አሉ። እነዚህ አያውቋትም። ለአንድ ክፍል ተማሪዎች አንድ ነገር ልታሳይ ፈለገች፤ አደጋውን አስልታ ገባች፤ ሒሳቡ ልክ ነበር፤ ሒሳቡን የሠራችበት ቦታ ግን ልክ አልነበረም።

በዚያ ትምህርት ቤት ከሃያ ዓመት በላይ አስተምራለች። ተማሪዎቹ በስሟ አይጠሯትም፤ «ሁለት ቀስት» ይሏታል። የወጣላት በፈተና ወረቀት ነው። ወደፊትም ወደ ኋላም በሚሄድ ሪአክሽን ላይ አንድ ቀስት ብቻ ሥሎ ያመጣ ተማሪ፣ የቀረው መልሱ ሁሉ ልክ ቢሆን እንኳ ወረቀቱ ይመለስለታል፤ ጠርዙ ላይ በቀይ «መመለሻውን ማን ዘጋው?» ተብሎ። ቅጽል ስሟን ታውቃለች። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ከኋላዋ «ሁለት ቀስት መጣች፣ ግቡ» ሲባል ሰምታ፣ ዞር ሳትል «ሁለት ቀስት መጣችም ሄደችም፤ እናንተ ግን ግቡ» ብላ አልፋለች።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ ታናሿን በዚያው መኪና እየሰፋች ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያስተማረቻት እሷ ናት። አሲድ የበሳውን ነጭ ጋዋን ባገኘችው ቁራጭ ጨርቅ ስለምትጥፈው፣ ጋዋኑ ኪሱ ሰማያዊ፣ ክርኑ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ታናሿ ሳታገባ ቀርታለች። ሰው ለምን ብሎ ሲጠይቃት «ወደ ኋላ የማይመለስ ሪአክሽን ስለሆነ ፈርቼ ነው» ትላለች። እህቷ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ «መጀመሪያ ወደፊት ይሂድልሽ እስቲ» ትላታለች። ይህን ቀልድ ሁለቱም አይሰለቹትም ነበር።

ላቦራቶሪው ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ረጃጅም ጠረጴዛዎች ያሉበት ሰፊ ክፍል አለ፤ ከኋላው ደግሞ ዕቃና ኬሚካል የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል። ጭስ ይመጥጥ የነበረው የመስታወት ሳጥን ማራገቢያው ከተቃጠለ ቆይቷል፤ አሁን የቆዩ ካርታዎች ተጠቅልለው የሚቆሙት እሱ ውስጥ ነው። ርዕሰ መምህሩ ይህን ላቦራቶሪ ለተሰበሩ ወንበሮች ማስቀመጫ ፈልጎታል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፍል ያጠረውና ከበላይ አካል ተግሣጽ የሰለቸው ሰው ነበር። በሌላ ትምህርት ቤት የአንዲት ልጅ እጅ በአሲድ ከተቃጠለ በኋላ፣ በመምህራን ስብሰባ መካከል ወደ ሁለት ቀስት ዞሮ እንዲህ አለ፦ «እህቴ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የአንድ ሰው ጣት እንኳ ቢጎዳ፣ በማግሥቱ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ።»

እሷም «እሺ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ላቦራቶሪው የተንጠለጠለው በዚህች ቃል ላይ ነው።

የዚያ ሳምንት ነገር የጀመረው ሰኞ ነው። ትምህርቱ ኬሚካዊ ሚዛን ነበር። ሁለት ንጥረ ነገሮች በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አንዱ ወደ ሌላው ሲለወጥ፣ ያኛውም ወደዚህ ሲመለስ፣ መሄጃውና መመለሻው ፍጥነታቸው እኩል የሚሆንበት ጊዜ ይመጣል። ያኔ ከውጭ ለሚያይ ሰው ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ግማሹ ሪአክሽኑ ቆሟል ይላል፤ ግማሹ የሁለቱ ወገን መጠን እኩል ሆኗል ይላል። ሁለቱም ስሕተት ነው። መጠኑ የግድ እኩል መሆን የለበትም፤ የቆመም ነገር የለም።

ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ አስጠግታ ክፍሉን በጠመኔ መስመር ለሁለት ከፈለችው። በአንዱ ወገን ብዙ ልጆች፣ በሌላው ጥቂት። የተጨማደደ ወረቀት ሁሉ ብዙዎቹ እግር ሥር ፈሰሰ። ሕጉ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ከራሱ ወገን የወደቀ ወረቀት አንድ ያነሣል፣ ወደ ማዶ ይወረውራል፣ እንደገና ያነሣል።

መጀመሪያ ወረቀቱ እንደ በረዶ ዘነበ። ጥቂቶቹ መቋቋም አቅቷቸው ክምሩ እግራቸው ሥር አደገ። ሲያድግ ግን መፈለግ ቀረላቸው፤ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ያገኛሉ። ብዙዎቹ ደግሞ ወረቀት እያለቀባቸው ከወንበር ሥር በርከክ ብለው ይፈልጉ ጀመር፤ ፍጥነታቸው ቀነሰ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሁለቱም ክምር ማደግም ማነስም አቆመ። ልጆቹ ግን ላባቸው እየተንጠፈጠፈ ይወረውራሉ።

ርዕሰ መምህሩ በሩን የከፈተው በዚህ መካከል ነው። አንድ ወረቀት መነጽሩን መታው። መወርወሩ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ከኋላ በኩል «ጠበቃው» የሚሉት ተማሪ ተነሣ። ከማንም ጋር ስለሚከራከር ነው እንዲህ የሚሉት። «ትምህርት ነው ጌታዬ። ሚዛን ላይ ደርሰን ነበር፤ እርስዎ አዛቡት።»

ሳቁ ከክፍሉ ወጥቶ ኮሪደሩን ሞላው። ርዕሰ መምህሩ ከእግሩ ሥር ያለውን ወረቀት አንሥቶ ለመጣል ቅርጫት ፈለገ። ጠበቃው «እሱን ይመልሱልን፣ የእኛ ወገን ነው» ሲለው ራሱም ሊስቅ ደርሶ፣ ከንፈሩን ነክሶ ወጣ።

ሁለት ቀስት የዚያን ቀን ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ገባች። ማክሰኞ በአጭር ፈተና ጠየቀቻቸው፦ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ያለ ጋዝ ሚዛን ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል? ወረቀቱን ሰብስባ ስታገላብጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ሪአክሽኑ ያቆማል» ብለዋል። እንደ ዋዛ አላየችውም። ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ትናንት ስትወረውሩ ቆማችሁ ነበር?»

«አልቆምንም» አሉ።

«ታዲያ?»

የመለሰላት ጠበቃው ነው፤ የዚያን ጊዜ ቀልድ አልነበረበትም። «ቲቸር፣ ትናንት የወረወርነው እኛ ነን። እጃችን ስለዛለ እንዳልቆመ እናውቃለን። ጋዙን ግን ማን አየው? መጽሐፉ ቡናማ ነው ይላል፤ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው። አልቆመም ብላችሁ ጻፉ ካሉን እንጽፋለን። ለፈተናው ይበቃል።»

ይህች «ለፈተናው ይበቃል» ሆዷ ውስጥ ገባች። ልጁ ሊያበሽቃት አልነበረም፤ ሊያጽናናት ነበር የፈለገው። እሷ ደግሞ ያን ያህል ዓመት ያስተማረችው ለፈተናው ይበቃል እንዲባል አልነበረም።

ድሮ ጋዙን የያዙ ሦስት የተዘጉ ቱቦዎች ላቦራቶሪው ውስጥ ነበሩ፤ ከእሷ በፊት የነበረ መምህር የሠራቸው። ቱቦው ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ቡናማው ይጠቁራል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይደበዝዛል፤ አውጥተው ሲተዉት ወደ መጀመሪያው ቀለሙ ይመለሳል። ይህን ያየ ልጅ፣ ውስጡ ያለው ነገር ቆሟል ሊል አይችልም። የቆመ ነገር ሲነኩት አይመልስም። ቱቦዎቹ መደርደሪያው በወደቀ ጊዜ ተሰባብረዋል። አሁን ሌላ መሥራት ነበረባት።

የሚያስፈልገው ሁሉ በእጇ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሰጣት የመዳብ ሽቦ፣ ከመደርደሪያው ግርጌ የቀረ ናይትሪክ አሲድ፣ የጎማ ውታፎች፣ ሻማ። ያልነበራት የጭስ መምጠጫው ነው። ግቢ ውስጥ ወጥታ እንዳትሠራው የምሳ ሰዓት ነበር፤ ግቢው ልጅ በልጅ ሆኗል። ከምሳ ሰዓት ውጭ ደግሞ ከክፍል ክፍል ስትሮጥ ጊዜ የላትም። ስለዚህ ረቡዕ በምሳ ሰዓት ጠባቡ ክፍል ውስጥ ገባች። ተማሪ ዘው ብሎ እንዳይገባ በሩን ቀረቀረች። የዚያ ክፍል መስኮት የሚከፈተው ልጆች ውሃ ለመጠጣት ተሰልፈው ወደሚቆሙበት ቧንቧ ነው። መስኮቱንም ዘጋችው። ሊታወቅላት የሚገባው ይህ ነው፤ የዘጋችው ረስታ አይደለም።

ከዚያ አሰበች። ይህን ያህል ሽቦ ይህን ያህል ጋዝ ያወጣል። ቱቦዎቹ ይህን ያህሉን ይይዛሉ፤ የተረፈው ይወጣል። የክፍሉ ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ ይህን ያህል ነው። የተረፈውን ጋዝ ለክፍሉ አየር አካፈለችው። የደረሰችበት ቁጥር ትንሽ ነበር፤ ለአጭር ጊዜ ቢተነፍሱት ጉሮሮ የሚከነክን እንጂ ሰው የሚጥል አልነበረም። ይህን ሁሉ በጭንቅላቷ ነው የሠራችው፤ አንዲት ነጥብ አልተሳሳተችም። ሻርፗን ውሃ ነክራ አፍንጫዋ ላይ አሰረችና ጀመረች።

የመጀመሪያው ቱቦ በደህና ሞላ። ውታፉ ግን ከዕድሜ ብዛት ደርቆ አልገባ አለ። ጎንበስ ብላ እያሸች፣ እያጣመመች፣ በአውራ ጣቷ እየገፋች አስገባችው። ሁለተኛው የባሰ ነበር። ትንፋሿን ይዛ ነበር የምትሠራው። ሰው ትንፋሹን የሚይዘው እስኪያቅተው ነው፤ አንድ ጊዜ ሳበች፤ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ደጋግማ ሳበች። ዓይኗ አነባ፤ ደረቷን እንደ በርበሬ ለበለባት። ውታፎቹን በሰም ደፈነች፤ አሲዱና ሽቦው ያሉበትን ፍላስክ ውሃ ውስጥ ከተተች። የቧንቧው ሰልፍ እስኪበተን ጠብቃ መስኮቱን ከፈተች። ፊቷን ታጥባ ደጋግማ ሳለች። ሳሉም ጥቂት ቆይቶ ተዋት።

ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ሦስቱን ቱቦዎች አየቻቸው። ቀለማቸው ያማረ፣ የጠራ ቡናማ ነበር። ስሕተቷ የታያት እነሱን እያየች ነው።

ጋዙን ያካፈለችው ለክፍሉ ሁሉ ነው። ጋዙ ግን ክፍሉን ሁሉ አልሞላም ነበር። ከአየር ስለሚከብድ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ነበር፤ እሷ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ነበር። የተነፈሰችው ያሰላችውን አየር አልነበረም። ያሰላችው አየር፣ ሁሉም ተቀላቅሎ፣ ተረጋግቶ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አንድ ዓይነት ከሆነ በኋላ የሚኖረው ነው። በየዓመቱ ለተማሪ ሁሉ «ሚዛን ላይ ሳይደርስ በሚዛን ቀመር አትሥሩ» ትላለች። ራሷ ሠራችበት።

የሚከተለውንም ታውቃለች። ይህ ጋዝ ጉሮሮ ላይ አይቀርም፤ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሳንባው እርጥበት ጋር ቀስ ብሎ አሲድ ይሆናል። ፈጣን ሪአክሽን አለ፣ ቀርፋፋ ሪአክሽን አለ። ይህኛው ቀርፋፋ ነው። የተነፈሰው ሰው ይሻለዋል፤ ይበላል፣ ይሄዳል፣ ይስቃል። ሳንባው ውሃ የሚቋጥረው ከዚያ በኋላ ነው። በጊዜ ሆስፒታል ከተገባና ኦክስጅን እየተሰጠ ከተጠበቀ የሚድን ብዙ ነው። ያኔውኑ መሄድ ነበረባት።

ሆስፒታል ከሄደች ግን ምን ተነፈስሽ፣ የት ትባላለች። ትናገራለች። የሐኪሙ ወረቀት ትምህርት ቤት ይደርሳል፤ ቁልፉም ከእጇ ይወጣል። ደግሞም ምንም ላይሆን ይችላል፤ ምን ያህል እንደተነፈሰች አሁን ማንም ሊያሰላው አይችልም። ነገ የሁለት ክፍለ ጊዜ ትምህርት አላት። ሰሙ በደንብ ሳይደርቅ፣ ቱቦዎቹ ሳያፈስሱ ማደራቸው ሳይታይ ልጆች ፊት አታቀርባቸውም። ነገ ታሳያቸዋለች፤ ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች። እንዲህ ብላ ወሰነችና ጋዋኗን ቆልፋ ወደ ከሰዓቱ ክፍል ገባች።

ቀመሩን ሰሌዳው ላይ የጻፈችው ያን ጊዜ ነው።

ጠበቃው «ድምፅዎ ምን ሆነ ቲቸር?» አላት።

«ጠመኔ ነው።»

«ጠመኔውን በሉት እንዴ?»

«አንተ የሰጠኸኝን መልስ ከምውጥ ጠመኔ ይሻላል። ነገ ግን ዓይንህን ታጥበህ ና፤ ጋዙን አይተህ ትከራከረኛለህ።»

«ካየሁትማ አልከራከርም» አለ ልጁ።

ትምህርት ሲያልቅ ደረጃው ላይ ርዕሰ መምህሩን አገኘችው። ሲያያት ቆመ። «ኮሪደሩ ላይ የሆነ ነገር ሸተተኝ።»

«ሻማ አቅልጬ ነበር» አለች። እውነት ነው፤ አቅልጣለች።

«ነገ ምን ልታሳያቸው ነው? ልጆቹ ሁሉ ያወራሉ።»

ነገረችው። ሙቅ ሲነካው የሚጠቁር፣ ሲቀዘቅዝ የሚደበዝዝ ጋዝ። እሱ ራሱ የታሪክ መምህር ነበር፤ ግራ ገብቶት አዳመጠ። «እኔም ገብቼ አያለሁ» አለ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራበት ከሆነ፣ ለወንበሮቹ ሌላ ቦታ ይፈለጋል እንግዲህ።»

ለመናገር ብትፈልግ ቦታው ያ ነበር። አፏን ከፍታ ሳል ቀደማት።

«አሞሻል እንዴ?»

«አቧራ ነው» አለችና ደረጃውን ወረደች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እህቷ ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች። «እራት በልታለች። ቲማቲሙ ጨው በዝቶበታል ብላ ነቀፈችኝ። ትንሽ ትስላለች። ምንድን ነው ስላት ጉንፋን ነው እታለም፣ ተኚ አለችኝ። የምትሞት ሰው ጨው ይታወቃታል?» ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ አገኘቻት። ሆስፒታል ሲደርሱ፣ ሐኪሙ ምን እንደነካት ሲጠይቃት፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ የጋዙን ስም፣ የተነፈሰችበትን ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ የተሰማትን በቅደም ተከተል ነገረችው። ወጣት ሐኪም ነበር። «ትናንት በምሳ ሰዓት ቢመጡ ኖሮ...» ብሎ ጀመረና እህቷን አይቶ ተወው። ላቦራቶሪው በዚያው ሳምንት ተቆለፈ። ዛሬ የተሰበረ ወንበር እስከ ጣሪያው ተደርድሮበታል። ሦስቱ ቱቦዎች ከቀረው ኬሚካል ጋር ተወስደው ተወገዱ፤ የአሥራ ሁለተኛ «ለ» ልጆች አላዩዋቸውም። ጠበቃው በዚያ ዓመት ፈተና ላይ ስለ ሚዛን የተጠየቀውን በትክክል መለሰ። መምህርቷን አምኖ እንደጻፈ እንጂ አይቶ እንዳልጻፈ ለእህቷ ነግሯታል፤ ከፈተናው በኋላ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤቱ በር ስትወጣ ግን ይህ ሁሉ ገና ነበር። ደኅና ነበረች፤ ቀሚሷን አራግፋ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ የምትሄድ ሴት። አንድ ጉዳይ ቀርቷት ነበር። ሙቅ ውሃ ትምህርት ቤት አለ፤ በረዶ የለም። መንገዱን ተሻግራ ማዶ ወዳለው ጁስ ቤት ገባች። ባለቤቱ የቀድሞ ተማሪዋ ነው።

«ቲቸር! ማንጎ ልጭመቅልዎ? አቮካዶውም ዛሬ ጥሩ ነው።»

«ጭማቂ አይደለም የመጣሁት። ነገ ጠዋት በረዶ እፈልጋለሁ፤ ይሄን የሚሞላ» አለችና ከቦርሳዋ ሰፋ ያለ ፔርሙስ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረች።

«ድግስ አለ እንዴ?»

«ክፍል ነው።»

«ኬሚስትሪ አሁንም አለ?»

«አለ። አንተ ስለወደቅክ አልተዘጋም።»

ሳቀ። ጁስ የሚጠጡትም ሳቁ። በጨርቅ ጠቅልሎ እንዲሰባብርላት ስትነግረው፣ ለምን እንደሆነ ጠየቃት፤ ትልልቅ ከሆነ ቱቦውን ዙሪያውን እንደማይነካው አስረዳችው። «ዱቄት አደርግልዎታለሁ» አለ።

«ዱቄት አላልኩም። ጠጠር።»

«ጠጠር።»

«ከደወሉ በፊት።»

«ከደወሉ በፊት ቲቸር፣ እሺ አልኩ እኮ።»

እሺ ማለቱ አላረካትም። አራት ዓመት ስታስተምረው አንድ ቀንም የቤት ሥራ በጊዜው አላመጣም። ስለዚህ አልሄደችም። ልጁ ገባውና፣ ራሱን እየነቀነቀ የበረዶ መሥሪያ ትሪዎቹን አወጣ፤ እያየችው ቧንቧ ከፍቶ ሞላቸው፤ አንዱን ሲያጎድለው በጣቷ አሳየችው፤ ጨመረበት። ሳል ያዛት። አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጣት፤ ቆማ ግማሹን ጠጣች፤ ግማሹን ባንኮኒው ላይ ተወችው። ልጁ ትሪዎቹን አንድ በአንድ ማቀዝቀዣው ውስጥ ደረደረ፤ ውስጡ የነበረውን ስጋ ወደ ጎን ገፋ፤ ክዳኑን በክርኑ ተጭኖ ዘጋው። መግጠሙን አየች። ፔርሙሱን ለእሱ ትታ ወደ ቤቷ ሄደች።